ቆጣሪውም ቴሌ፣ ዳኛውም ቴሌ!

የስልክ ሒሳብ ተከራክረው ያውቃሉ? ካላወቁ ዕድለኛ ነዎት። «ያልደወልኩትን ክፈል ተባልኩ» ብሎ መስኮት ላይ የቆመ ሰው በዚህ አገር የሚጠብቀውን መልስ ግን መብራትም ይሁን ውኃ፣ ስልክም ይሁን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ አቤት በል!»

ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1952 የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2001 ላይ፣ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። ዕዳ አለብህ ያለ ያስረዳ ማለት ነው። በመስኮቱ በኩል ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ አለመደወሉን እንዲያስረዳ የሚጠየቀው ደንበኛው ይሆናል። ያልተደረገ ነገር እንዴት ይመሰከራል ጎበዝ?

እስቲ ዱራሜ ወይም ሆሳዕና ከተማ ትንሽ ማረፊያ ቤት ያላቸውን አንዲት እናት እናስብ። የመሥመር ስልክ በድኅረ ክፍያ አስገብተዋል። እንደ ብዙው የሃዲያና የከምባታ ቤተሰብ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። የወሩ ሒሳብ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሆኖ ቢመጣና «ወደ ውጭ ደውለው ነው» ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? የሚደውለው ልጁ ነው፤ እርሱም ቢሆን በዋትስአፕና በኢሞ ነው። የቆጠረው መሣሪያ ያለው ቴሌ ቤት፣ መዝገቡ ቴሌ ቤት፣ አቤቱታውን መጀመሪያ የሚሰማውም ቴሌ ቤት! አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ የሚባለው ይኸው አይደል?

ድሮ የከፋው ነገር መሥመር መቆረጥ ነበር። አሁን ነገሩ ከስልክ አልፏል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ቴሌብርን ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ ብድሮችን አመጣ። ያለ መያዣ፣ በስልክ አጠቃቀም ታሪክ ተመዝኖ ብር ማግኘት ለትንሽ ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሒሳብ የሚቆጥረውና የሚያስከፍለው ድርጅት የሰውን ተበዳሪነት ወደመመዘንም ገብቷል ማለት ነው። በሚዛኑ ላይ ምን ምን እንደሚቀመጥ ለባለቤቱ ተዘርዝሮ ሊሰጠው ይገባል። እየተከራከሩበት ያለ ሒሳብ ደግሞ እስኪጣራ ድረስ ዕዳ ተብሎ በማንም መዝገብ መስፈር የለበትም።

ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን «ክሬዲቴ ተበላሸ» እያሉ ሲጨነቁ እንሰማለን። እዚያ ግን ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ አላቸው፤ አንድ ሰው ስለ እኔ የተመዘገበው ስሕተት ነው ካለ መዝጋቢው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ያርማል ወይም ይሰርዛል። እኛም ወረቀቱ አላጣንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስሕተት የሆነ መረጃ እንዲታረምልን የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሟል። ችግሩ ባለሥልጣኑ ያለው አዲስ አበባ መሆኑ ነው። ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አልቤርጎ ተከራይቶ፣ በሁለት ሺህ ብር ቢል የሚከራከር ማን ነው? ሰውየው አስልቶ ይከፍላል። ዝም አለ ማለት አመነ ማለት አይደለም። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ የመንግሥት ቢሮ በቢሮ ላይ ሲከፈት አንድ የቴሌኮም አቤቱታ ሰሚ ጠረጴዛ እንዴት ይጠፋል? (በ1992 ምርጫ ተቃዋሚ ወደ ፓርላማ የላከ አካባቢ በቢል አይከራከርም ብሎ የገመተ ካለ ተሳስቷል።)

እስከዚያው ድረስ ተከራካሪው ራሱን ይጠብቅ። በ994 ደውሎ ማመልከት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀን ያለበት ደብዳቤ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ጥሪ በቀን፣ በሰዓትና በተደወለለት ቁጥር ተዘርዝሮ እንዲሰጥ ይጠየቅ። የማያከራክረውን ክፍል ከፍሎ ደረሰኙን መያዝ ነው፤ ያኔ ክርክሩ ስለ ልዩነቱ ብቻ ይሆናል። ደግሞ ልብ በሉ፣ በቢሉ ተናድዶ የቴሌብርን ብድር አብሮ ማቆም ራስን መጉዳት ነው። ቢሉ የአገልግሎት ሒሳብ ነው፤ «መላ» ግን የባንክ ብድር ነው። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው፤ ባንኮች ከማበደራቸው በፊት እዚያ ያያሉ። ነገ ለሱቅ ማስፋፊያ ብድር ሲጠየቅ የሚወጣው ስም ያኔ የተበላሸው ስም ነው።

ደብዳቤውን አልቀበልም፣ ማኅተም አላደርግም የሚል ሠራተኛ ካጋጠመ ጭቅጭቅ አያስፈልግም። ፖስታ ቤት ሄዶ በሪኮማንዴ መላክ፣ ደረሰኙንም ከቢሉ ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ነው።