አጥር ዳር ማሽላ ብንዘራስ?

ባለፈው ሳምንት ከዚራ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። አንድ ልጅ በጠራራ ፀሐይ የካፌውን ሳር በጎማ ያጠጣል። ወዲያው ቢጫ ጀሪካን የጫነ ባጃጅ አለፈ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል፤ ስልኬን አውጥቼ ሒሳብ ጀመርኩ።

በእንደ ድሬ ዓይነቱ ሙቀት 1 ካሬ ሜትር ሳር እንደለመለመ እንዲቆይ በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። 4 ካሬ ሳር ማለት እንግዲህ በየቀኑ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ያውም ውሃዋን ከጉድጓድ በምታወጣ ከተማ!

ሳር ካማራችሁ ረጅሙን ሳር ዝሩ፤ ማሽላን። አትሳቁ፣ ማሽላ ከሳር ቤተሰብ ነው። ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ እድገቱን ገታ አድርጎ ዝናብ ይጠብቃል። የሐረርጌዎቹ እነ ሙይራና ፈንዲሻ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳሉ። አጥር ዳር በመስመር ሲቆሙ ከመንገድ የሚያይ ዓይን ይከልላሉ፤ አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲነካቸው ደግሞ ድምፃቸው ራሱ ያረጋጋል። ዘሩ ከፊራ ገበያ አለ።

«ግቢውን እርሻ ልታደርገው ነው እንዴ?» አለችኝ አክስቴ። ችግሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ የምንበላውን ነገር ለጌጥ አንመኘውም። አሜሪካ ውስጥ ግን የማሽላ ዘመድ የሆነው ፐርል ሚሌት፣ «ፐርፕል ማጄስቲ» የሚባለው ሐምራዊ ዝርያ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በጌጥ ተክልነቱ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል።

«ትንኝ ይሰበስባል» የሚሉም አሉ። በ2014 ዓ.ም. ከተማችንን ካስቸገረው ወባ ጋር ስሙ የተነሳው ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ እንቁላሉን የሚጥለው ግን ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው። ክዳኑን ግጠሙ።

እንከን የለውም አልልም። ለጋው ማሽላ መርዝ ስላለው ፍየል ያላችሁ ተጠንቀቁ። ወፍም ዘሩን አይምርም። ከታጨደ በኋላ ቦታው ራቁቱን ይቀራል፤ እሱን መቻል ነው።

እኔ ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጣል ሲያደርግ ግቢያችን ውስጥ 2 መስመር እዘራለሁ። አክስቴም ተስማምታለች፣ አንዱን መስመር ጥንቅሽ ካደረግከው ብላ።