ከሲኒየር የወረስነው መጽሐፍ

የጆርናሊዝም ተማሪ ስለ ኢኮኖሜትሪክስ መጽሐፍ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። አገባኝ እንጂ! ባለፈው ሴሚስተር ለማስታወቂያ ሰሌዳችን «ላይብረሪ የሚያዘወትሩ ተማሪዎች ውጤታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ላይብረሪ ውጤት ያሻሽላል» ብዬ ጽፌ ነበር። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነው የዶርም ጓደኛዬ አነበበውና «ላይብረሪው ነው ጎበዝ ያደረጋቸው ወይስ ጎበዞቹ ናቸው ላይብረሪ የሚሄዱት?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እስቲ አስረዳኝ ስለው ግን እሱም ተቸገረ። በእጁ ያለው ከሲኒየር የወረሰው የጉጃራቲ «ቤዚክ ኢኮኖሜትሪክስ» ኮፒ ነው፤ ያውም ለፈተና ይመጣሉ የተባሉት ምዕራፎች ብቻ። ፎርሙላውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ለምን ይጠቅማል ሲባል ዝም።

በጉጃራቲ አልፈርድም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ፣ ሒሳብ ለሚከብደው ተማሪ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ነው። ማትሪክስ የማያውቅም አብዛኛውን ይከታተለዋል። ለጀማሪ ግን መቅደም ያለበት እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የጄፍሪ ዉልድሪጅ መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ።

ለምን? ከጥያቄ ይነሳላ! ገና በሁለተኛው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ1976 የተሰበሰበ የ526 አሜሪካውያን ሠራተኞች መረጃ ይዞ፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት በሰዓት ከ54 ሴንት የደመወዝ ብልጫ ጋር እንደሚሄድ ያሳያል። ያው ስሌት ታዲያ ጭራሽ ላልተማረ ሰው ከዜሮ በታች 90 ሴንት ይሰጠዋል! ደራሲው ይህን አይደብቅም፤ በመረጃው ውስጥ ትንሽ የተማሩት ጥቂት ስለሆኑ ነው ብሎ ያስረዳል። ብልጫውን ያመጣው ትምህርቱ ነው ወይስ የሰውየው ችሎታ የሚለውንም ያነሳል። የኔው የላይብረሪ ጉድ ማለት ነው።

እርግጥ ነው መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ሁሉን ኮፒ ማስደረግ ኪስ ይጎዳል። እንግዲህ አራት አምስት ሆኖ ማዋጣት ነው። ኮፒ ቤት ስትሄዱ ግን መጨረሻ ላይ ያለውን የሒሳብና የስታትስቲክስ ማስታወሻ እንዳታስቀሩ፤ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው። መልመጃውን ለመሥራት ደግሞ ግሬትል የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ።

መምህሮቻችንም በኮርስ አውትላይን ላይ የመጽሐፍ ስም መደርደር ብቻ ሳይሆን የትኛውን፣ ለምን እንደምናስቀድም ቢነግሩን መልካም ነው። የተሳሳተ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በሳቅ ይታለፋል። ነገ በጋዜጣ ሲወጣ ግን ሰው ያምነዋል።