«የሰሞን ብልሃት» የተባለው ልብ ወለድ

አሜሪካዊው ካልቪን ካሱልኪ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመው «ሴቨራል ፒፕል አር ታይፒንግ» ከዳር እስከ ዳር የመሥሪያ ቤት ቻት ነው። ተራኪ የለውም፤ አንድ የኒውዮርክ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ሠራተኞች ስላክ በተባለው መተግበሪያ የሚጻጻፉት ብቻ ተደርድሯል። መጽሐፉ ለ«ጉድ ሞርኒንግ አሜሪካ» የቴሌቪዥን ዝግጅት የንባብ ክበብ እስከ መመረጥ ደርሷል። አንዳንድ ሐያሲያን ግን ምስጋናቸውን በ«ግን» ነው የቋጩት፤ ቅርጹ የሰሞን ብልሃት ነው፣ ገጸ ባሕርያቱም ሥጋና ደም የላቸውም ይላሉ። ይህ ፍርድ የመጽሐፉን ጉልበት እንደ ድካም የቆጠረ ይመስለኛል።

ጄራልድ የተባለው ሠራተኛ ኅሊናው ከአካሉ ተለይቶ ስላክ ውስጥ ይታሰራል። አድኑኝ ብሎ ሲጽፍ ባልደረቦቹ ከቤት ለመሥራት የፈጠረው ሰበብ ይመስላቸዋል። የሥራ ውጤቱ ሲጨምር አለቆቹ ደስ ይላቸዋል እንጂ የት እንዳለ አያስጨንቃቸውም። ሥጋና ደም ማጣቱ እንግዲህ የስላቁ ዒላማ ነው፤ ሥራው እስከ ደረሰ ድረስ ሰው ከነአካሉ ቢጠፋ የማይጎድልበትን ቢሮ ያሳየናል። የመጽሐፉ የፍቅር ታሪክም የሚበቅለው እዚሁ ላይ ነው። ጄራልድ ባልደረባውን ፕራዲፕን «ቤቴ ሄደህ ሰውነቴን እይልኝ» ብሎ ይለምነዋል፤ ፕራዲፕም ሄዶ ያን ባዶ አካል ይንከባከባል። በተለመደ ትረካ አንድ ሰው ጓደኛው ቤት መሄዱ ተራ ነገር ነው። ከቻት በቀር ምንም በሌለበት መጽሐፍ ግን፣ አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ መሄዱ ብቻ ልብ ይነካል።

ቴክኖሎጂው ሲያረጅ መጽሐፉም ያረጃል የሚለው ስጋት መልስ ካገኘ ቆይቷል። የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረችው ኤላ ቺቨር ታየር እ.ኤ.አ. በ1879 «ዋየርድ ላቭ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈች። የታሪኩ ባለቤት ናቲ በሽቦው ማዶ «ሲ» እያለ ከሚፈርም ሰው ጋር ፊቱን ሳታይ ትቀራረባለች፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው «ሲ እኔ ነኝ» ብሎ ቢሮዋ ሲመጣ ክው ትላለች። የሞርስን ኳኳታ የሚያነብ ጆሮ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። የናቲ ድንጋጤ ግን በስልኩ ሰው ለሚተዋወቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም።

ካሱልኪ ሊነቀፍ የሚገባው በሌላ ነው። የጄራልድ ባልደረቦች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ቀልደኛ አንደበት ስለሚጽፉ፣ ስማቸው ቢሸፈን ማን ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ከንግግር በቀር ሌላ መለያ በማይሰጥ መጽሐፍ ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ሐያሲያኑ ብዕራቸውን ማጥበቅ የነበረባቸው እዚህ ላይ ነበር።