የሴሚናሩ በር ክፍት ነው፤ ጥሪው ግን አልደረሰም

ዋና ነጥብ፦ በሰሜን ቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የሚያዘጋጇቸው ሳምንታዊ የምርምር ገለጻዎች በሕዝብ ሀብት የሚደገፉ ናቸው፤ ለሕዝብ ግን በቅጡ አይታወቁም። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው። የሚጎድለው ግልጽ ግዴታና ሥርዓት ያለው ጥሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በትምህርት ወራት በአንድ የፊዚክስ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ የሚደጋገም አንድ ልማድ አለ። ከሌላ ተቋም የተጋበዘ ተመራማሪ ይመጣል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል የደረሰበትን ያስረዳል፤ መምህራንና ተማሪዎች ይጠይቁታል፤ አንዳንዴም ይሟገቱታል። ይህ ኮሎኪየም ይባላል። መግቢያው በነጻ ነው። በማስታወቂያው ግርጌም ብዙውን ጊዜ «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ቃል ይሰፍራል። ማስታወቂያው ግን ከክፍሉ የኢሜይል ዝርዝርና ከኮሪደሩ ሰሌዳ እምብዛም አያልፍም። ግብር ከፋዩ ሕዝብ የእርሱ የሆነውን ነገር መኖሩን እንኳ ሳይሰማ ሳምንቱ ያልፋል።

የዳላስ ታሪክ የሚያስተምረው

የእንዲህ ዓይነቱ ገለጻ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ከዳላስ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የዛሬው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ ሥሩ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሥራቾች በ1961 ያቋቋሙት የደቡብ ምዕራብ የድኅረ ምረቃ ምርምር ማዕከል ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በተገደሉበት ሰዓት ያመሩ የነበረው ወደ አንድ የምሳ ግብዣ ነበር፤ ከአስተናጋጆቹ አንዱም ይኸው ማዕከል ነበር።

ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ከተማዋ ገና ሐዘን ላይ ሳለች፣ ማዕከሉ የመጀመሪያውን የቴክሳስ የአንጻራዊነት አስትሮፊዚክስ ጉባኤ በዳላስ አስተናገደ። በዚያ ጉባኤ ሮይ ኬር የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ተናገረ። ያቀረበው በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከርን ግዙፍ አካል የስበት መስክ የሚገልጽ የአይንስታይን ቀመሮች መፍትሔ ነበር። ኪፕ ቶርን እንደጻፉት፣ በአዳራሹ ከነበሩት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ትኩረት አልሰጡትም፤ የወጡም ያንቀላፉም ነበሩ። ዛሬ ግን ስለሚሽከረከሩ ብላክ ሆሎች የሚደረገው ምርምር ሁሉ በኬር መፍትሔ ላይ የቆመ ነው። በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የስበት ሞገድም የተተረጎመው በእርሱ እየታገዘ ነው። ጉባኤው እስከ ዛሬ በተለያዩ አገሮች እየተዘዋወረ ይካሄዳል፤ በ2013 ኀምሳኛ ዓመቱን ለማክበር ወደ ዳላስ ተመልሷል።

ከዚህ ታሪክ ለሕግ አውጪ የሚተርፍ ትምህርት አለ። የምርምር ገለጻ ጥቅሙ በዕለቱ አይለካም። በአዳራሹ የተቀመጡት ሊቃውንት እንኳ የሰሙትን ሊመዝኑ ካልቻሉ፣ የበጀት ሠንጠረዥ በዓመቱ መጨረሻ ሊመዝነው አይችልም። ስለዚህ መንግሥት ሊያደርግ የሚገባው ገለጻው እንዲቀጥልና ብዙ ጆሮ እንዲያገኝ ሁኔታውን ማመቻቸት ነው።

የተቃራኒው ምሳሌም ቅርብ ነው። ከዳላስ በስተደቡብ በዋክሳሃቺ የተጀመረው የሱፐር ኮላይደር ግንባታ፣ 87 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሊኖረው ከታሰበው ዋሻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከተቆፈረና ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ከወጣበት በኋላ፣ በኦክቶበር 1993 በኮንግረስ ውሳኔ ተቋረጠ። ለውሳኔው የወጪው መናር ዋነኛ ምክንያት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ዋሻው ሲቆም የአካባቢው የፊዚክስ ክፍሎች አልቆሙም። የአርሊንግተኑ፣ የዳላሱና የሳውዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው ሰርን በአትላስ ሙከራ ተሳታፊ ሆኑ፤ የሂግስ ቅንጣት በ2012 ሲገኝም ድርሻ ነበራቸው። ሕንፃ ሲፈርስ እውቀትን የሚያቆየው የሰዎች ግንኙነት ነው። ሳምንታዊው ገለጻ ደግሞ ከዚያ ግንኙነት ክሮች እጅግ ርካሹ ነው።

ሳይጠሩት አቤት

ዳላስ–ፎርት ወርዝ በአሜሪካ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዱ ነው። በአዲሰን፣ በሪቻርድሰን፣ በጋርላንድና በፕላኖ ከሚኖሩት መካከል በአገር ቤት ፊዚክስ፣ ሒሳብና ምህንድስና ተምረው እዚህ ኑሮ በሌላ ሙያ ያሰማራቸው ብዙዎች ናቸው። ልጆቻቸው በአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። እነዚህ ቤተሰቦች ከኮሎኪየሙ አዳራሽ የሚርቁት እውቀት ስለማይፈልጉ አይደለም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብሎ ያሳደገ ባህል ያልተጠራበት ደጅ መግባትን እንደ ነውር ይቆጥራል። በግርጌ የተጻፈ «ክፍት ነው» የሚል ቃል ለዚህ ማኅበረሰብ ጥሪ አይደለም። ጥሪ ማለት በስም፣ በቋንቋ፣ በጊዜና በቦታ የሚደርስ ነገር ነው።

የሳይንስ ገለጻ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው በነበሩባቸው ዓመታት ለሌሎች እስረኞች ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ከሰጣቸው ሁለት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። በእስር ቤት ግቢ አድማጭ ያገኘ ሳይንስ በአሜሪካ የከተማ ዳርቻ አድማጭ የሚያጣበት ምክንያት የለም።

የአዲሰን ጉዳይ በተለይ ሊታይ ይገባል። ከተማዋ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከ17 ሺህ ያነሰ ነዋሪ የነበራት ትንሽ ከተማ ናት፤ የራሷ ዩኒቨርሲቲ የላትም። ሆኖም ኦክቶበር 25 ቀን 2025 ሥራ የጀመረው የዳርት ሲልቨር ላይን ባቡር አዲሰንን ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ ጋር በቀጥታ አገናኝቷል። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። መኪና ለማይነዳ ተማሪ፣ ለአረጋዊ፣ ወይም ቤተሰቡ አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ባቡር ሰውን እስከ ግቢው ያደርሳል እንጂ ወደ አዳራሹ አያስገባም። ገለጻው ከሰዓት በኋላ በሥራ ሰዓት ከሆነና ማንም ካልሰማው፣ ሐዲዱ ለዚህ ዓላማ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የሕጉ ይዞታ

የቴክሳስ ምክር ቤት ለዚህ ጉዳይ የሚሆን መሠረት አስቀድሞ ጥሏል። በ2009 የወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ቁጥር 2504 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ ዝርዝር መግለጫ በድረ ገጻቸው፣ ከመግቢያው ገጽ ከሦስት ማያያዣ በማይርቅ ቦታ እንዲያወጡ ያዛል። የሕጉ መንፈስ ቀላል ነው፤ ሕዝብ የሚከፍልበትን ትምህርት ሕዝብ ማየት ይችላል። የኮርስ መግለጫ እንዲህ ከወጣ የሳምንቱ ገለጻ ርዕስ፣ ሰዓትና ቦታ የማይወጣበት ምክንያት ሊቀርብ አይችልም።

ሁለተኛው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሴኔት ሕግ ቁጥር 17 ነው። ሕጉ የብዝኃነት ቢሮዎችን ቢያግድም፣ የምርምር ሥራንና ለአጭር ጊዜ የሚጋበዙ ተናጋሪዎችን በግልጽ ከእገዳው ውጪ አድርጓቸዋል። ስለዚህ አንድ የፊዚክስ ክፍል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቢጋብዝ ይህ ሕግ አያግደውም። ይህ በጽሑፍ መመሪያ ካልተረጋገጠ ግን፣ ጥንቃቄ የበዛበት አስተዳዳሪ ሕጉ ያልከለከለውን በፍርሃት ሊከለክል ይችላል።

ሦስተኛው የመለኪያ ጉዳይ ነው። የቴክሳስ የከፍተኛ ትምህርት አስተባባሪ ቦርድ በ2011 በአምስት ዓመት ውስጥ ከ25 ያነሱ ተማሪዎችን ያስመረቁ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞችን ለመዝጋት ሲንቀሳቀስ በርካታ የፊዚክስ ፕሮግራሞች አደጋ ላይ ወድቀው ነበር። ከእነርሱም መካከል የጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች የሆኑት የፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤምና የቴክሳስ ሳውዘርን ፕሮግራሞች ይገኙበታል። ተመራቂ መቁጠር ሕጋዊና አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ ተመራቂ ብቻ የሚቆጥር መለኪያ ክፍሉ ለአካባቢው የሚሰጠውን ሌላውን አገልግሎት አያይም፤ የማይቆጠር አገልግሎትም ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ ይቀራል። የፌዴራሉ መንግሥት የ2026 የበጀት ሐሳብ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽንን ገንዘብ ከግማሽ በላይ እንዲቀነስ መጠየቁ ይህን ስጋት ያጠናክራል።

አራተኛው የቪዛ ጉዳይ ሲሆን የሚመለከተውም ዋሽንግተንን ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግሉ ሆነዋል። በቴክሳስ የሚማር ኢትዮጵያዊ የዶክትሬት ተማሪ ሥራውን በውጭ አገር ጉባኤ ለማቅረብ ከወጣ፣ ለመመለስ እንደገና ቪዛ መለመን ይኖርበታል። መናገር የሙያው አካል ለሆነ ሰው ይህ ሙያውን በግማሽ መዝጋት ነው።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ገለጻዎቹ ለባለሙያ የተዘጋጁ ስለሆኑ ሕዝብ አይገባውም የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። የአንድ ጠባብ የምርምር ቡድን ሴሚናር ለባለሙያ ነው፤ እንደዚያው ቢቆይም ጉዳት የለውም። ኮሎኪየም ግን በልማዱ ለመላው ክፍል፣ ከዘርፉ ውጪ ላለ መምህርና ገና ለጀመረ ተማሪ ጭምር የሚሰጥ ነው። ጥሩ ተናጋሪ መግቢያውን ለማንም በሚገባ ቋንቋ ይጀምራል። የሕዝብ መኖር ይህን መልካም ልማድ ቢያጠናክረው እንጂ አያበላሸውም።

ገለጻውን ቀርጾ በኢንተርኔት መልቀቅ ይበቃል የሚሉም አሉ። ቅጂ ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ሌሊት ለሚሠራ ሰው። ነገር ግን ለአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ተመራማሪን በአካል አግኝቶ ጥያቄ መጠየቅና መልስ ማግኘት በስክሪን የማይተካ ነገር ነው። ቅጂው የጥሪው ተጨማሪ እንጂ ምትክ መሆን የለበትም።

ምን ይደረግ

1. በጃኑዋሪ 2027 የሚከፈተው የቴክሳስ ምክር ቤት የሕግ ቁጥር 2504ን አርአያ ተከትሎ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የምርምር ገለጻዎችን ርዕስ፣ ቀንና ቦታ አስቀድመው በአንድ በቀላሉ በሚገኝ ገጽ እንዲያወጡ ይደንግግ።

2. እያንዳንዱ የፊዚክስ ክፍል በየሴሚስተሩ ቢያንስ ሁለት ኮሎኪየሞችን ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ያዘጋጅ፤ ለእነዚህም አጭር የመግቢያ ማብራሪያ ይጨመር፤ ሰዓቱም ከባቡሩ መርሐ ግብር ጋር ይጣጣም።

3. አስተባባሪው ቦርድ ተጋባዥ ተናጋሪዎች ከሴኔት ሕግ ቁጥር 17 እገዳ ውጪ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ አጭር መመሪያ እንዲያወጣ የሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤቶች በጽሑፍ ይጠይቁ።

4. ፕሮግራሞች ሲገመገሙ ከተመራቂ ቁጥር ጎን ለጎን ለሕዝብ የተከፈቱ ገለጻዎችና የተቀበሏቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይቆጠሩ።

5. የኮንግረስ አባላት ሠራተኞች ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዲመለስ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ያቅርቡ።

6. የማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የገለጻዎቹን ዝርዝር በአማርኛ ተርጉመው ለወላጆች ያድርሱ፤ በመጀመሪያው ጊዜም ወጣቶችን በቡድን ይዘው ይሂዱ። ሕግ በሩን ያሰፋል፤ እጅ ይዞ የሚያስገባው ግን ሰው ነው።

ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች የመጨረሻው የማንንም ፊርማ አይጠብቅም። በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመሪያ አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ለአንድ የፊዚክስ ክፍል ደብዳቤ ጽፎ የወቅቱን የገለጻ ዝርዝር ሊጠይቅ ይችላል። የሚሰጠው መልስ፣ ፈጣንም ቢሆን የዘገየ፣ ለ2027 የምክር ቤት ውይይት የመጀመሪያው ማስረጃ ይሆናል።