ነጩ ጋውን ሲወልቅ
የአዘጋጁ ማስታወሻ

ርብቃ ሊ ክረምፕለር እ.ኤ.አ. በ1864 ቦስተን ላይ ስትመረቅ፣ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ዛሬም ከአገሪቱ 100 ሐኪሞች መካከል ጥቁር ሴቶች 3 ገደማ ናቸው። የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከገመገመው ከ1910ሩ የፍሌክስነር ሪፖርት በኋላ ከሰባቱ የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘግተው ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ መቅረታቸው ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህን እትም ለሥራ መዛል የሰጠነው ጥቂት መሆን ራሱ ሌላ ሥራ ስለሚሆን ነው። ተረኛ ሆና ያደረችው ሐኪም ጠዋት ደመወዝ የሌለው ኮሚቴ ይጠብቃታል፤ ተማሪዎች ምክሯን ይሻሉ፤ በሽተኛው ደግሞ ከፊቱ ቆማ ሳለ «ሐኪሙ መቼ ይመጣል?» ይላታል። ቤቷ ስትገባ «አንቺማ ብርቱ ነሽ» ትባላለች። ይህ ሙገሳ ስንቷን ከእረፍት እንደከለከላት ሳስብ ያመኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታከመው የተረኝነት መርሐ ግብሩና የአለቆች አያያዝ ነው።

ዶክተር ሱዛን ሙርን አልረሳናትም። በ2020 መጨረሻ ኢንዲያና ውስጥ በኮቪድ ታማ፣ ሐኪም ሆና ሳለ ሕመሟን የሚያምናት እንዳጣች ከሆስፒታል አልጋዋ በቪዲዮ ተናገረች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

በዋሽንግተን አካባቢ ደብል የምትሠሩ ነርስ እኅቶቻችን፣ ገጽ ስትገልጡ ራሳችሁንም ታገኛላችሁ። ጻፉልን።