ሣር ከመቁረጥ በፊት ቀን እንቁረጥ

ይህ ጥሪ ለመሐል ሜዳ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው ነው፤ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ለሚኖሩ ልጆቹም ጭምር።

ጥር ሲገባ የተፋሰስ ሥራ ይታወጃል። ዶማና አካፋ ይዘን እንወጣለን፣ እርከን እንሠራለን፣ ስማችን ተጠርቶ ወደ ቤት እንመለሳለን። መጋቢት ላይ ከብቱ እዚያው እርከን ላይ ይለቀቃል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል፤ በዓመቱ ያንኑ ድንጋይ እንደገና እንክባለን። ጥፋቱ የዘመቻው ብቻ አይመስለኝም። ሲጠሩን ብቻ መውጣት ለምደናል።

አባቶቻችን ግን ጠሪ አልጠበቁም። ጓሳን እዩት። በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ያለ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫም ደጋ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖረ። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች አፈሮ የሚሉትን መሪ በአንድ ድምፅ ይመርጡ ነበር። ሣሩ 3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ተራ እየገባ ይጠብቅ ነበር። ሲደርስ፣ በጋው በጠናበት በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ መከፈቱ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገር ነበር። መጀመሪያ ሣሩ ለጣሪያ፣ ለገመድና ለእረኛው ገሳ ይታጨድ ነበር፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። ሐምሌ 5 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር።

ይቺን ሐምሌ 5 ልብ በሉልኝ። መክፈቻው ሣሩ እየታየ ይመከርበት ነበር፤ መዝጊያው ግን ገና ሳይከፈት የታወቀ ነበር። ጾም ፍቺን የሚረሳ የመንዝ ሰው ደግሞ የለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ቀሮ ከርስቱ ጋር አብሮ ወደቀ። አዋጁን አልወቅስም፤ የአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነውም ገበሬ የሣሩ ባለመብት ሆኗል። ነገር ግን ቀን ቆራጭ ጠፋና ጓሳ ተጎዳ። ያገገመው የዙሪያው ገበሬዎች ኮሚቴ መርጠው፣ ደንብ አውጥተው እንደገና መጠበቅ ሲጀምሩ ነው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ውኃውም ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳል።

እኔ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አልጠይቅም። አንድ የምንጭ ራስ፣ አንድ ቦረቦር ወይም አንድ የተራቆተ ጋራ ይበቃል። በሚቀጥለው ሰንበቴ ወይም እድር ላይ የቦታው ስም ይነሳ። ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚጠብቅ፣ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ ሳይቆረጥ ማንም አይነሳ። የድሮው ቀሮ ጥበቃውን ለወንድ ብቻ ነበር የሰጠው፤ በዚህ እንኳ አንከተለው። ምንጩ የት ላይ እንደደከመ እንስራ ተሸክማ የምትመላለሰው ታውቃለችና ኮሚቴው ውስጥ ትግባ። ደንቡን ቀበሌው በማኅተም ያጽናላችሁ፤ ማኅተሙ ዘገየ ብላችሁ ግን ጥበቃውን አታሳድሩ።

«በጎቼ የት ይጋጡ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ በግ ለመንዝ ሰው ቀለቡም ልብሱም ነው። ስለዚህ በትንሽ ቦታ ጀምሩ፤ ሣሩም ሲደርስ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈል፤ ከብት የሌላት መበለት ድርሻዋን ትሽጥ። ጊዜው ክፉ ነው የሚልም አለ። አልክድም፤ ቀሮ ግን ደህና ዘመን ብቻ አይቶ ለእኛ አልደረሰም።

ርቃችሁ ያላችሁ፣ ለችግኝ ተከላ ፎቶ መምጣቱ ይቅርባችሁ። የትራንስፖርቱን ገንዘብ አዋጡና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የጠባቂ ደመወዝ ቻሉ። ከዚያ በኋላ ሣሩ ራሱ ይከፍላል።

የመረጣችሁት ቦታ ላይ ያለው ከብት ቢዘገይ ቢዘገይ ሐምሌ 5 ቀን ይውጣ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሣር ላይ እንዲያርፍ።