ዳኛው ባረፈበት ወር

ነሐሴ ሲጋመስ በአርባ ምንጭ ከሲቀላ ገበያ እስከ ሴቻ መሥሪያ ቤቶች የወላጅ ወሬ አንድ ይሆናል፦ ምዝገባው መቼ ነው፣ ደብተር ስንት ገባ፣ ዩኒፎርሙ ተቀየረ ወይስ ያው ነው? በዚያው ሰሞን በሬዲዮውም በስብሰባውም አንድ ምክር ይደጋገማል፤ ወላጆች ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ከወዲሁ ተዘጋጁ ይባላል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ጥፋቱን ሁሉ ወላጅ ጫንቃ ላይ መጣሉ ነው የማይጥመኝ። በጋሞ ዞን ቤተሰብና ሥራ በመስከረም የሚላተሙት ሦስት ቀጠሮዎች፣ የሥራው፣ የትምህርት ቤቱና የመስቀል፣ በአንድ ወር ላይ ስለተደራረቡ ነው። ከሦስቱ የማይነቃነቀው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መስቀል ነው። ሁለቱ በሰው የተወሰኑ ናቸው፤ ሰው ሊያሸጋሽጋቸውም ይችላል።

ነገሩን ከሸማው እንጀምር። የጋሞ ደጋ የሸማኔ መንደሮች፣ ጨንቻና ዶርዜ፣ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቁም ኑሯቸው ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጋር እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ነው። የሀገር ልብስ ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። ዘመን መለወጫና መስቀል ሲቃረቡ ይጦፋል፣ ለገናና ለጥምቀት መልሶ ይነሣል፣ በመካከሉ ይቀዘቅዛል። የሸማኔ ቤት ሥራ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ልጁ ማጉን በቀሰም ያጠነጥናል። እንግዲህ ነጠላውና ጋቢው በብዛት የሚፈለግበት ሰሞን የልጁም እጅ በቤት ውስጥ ከመቼውም በላይ የሚፈለግበት ሰሞን ነው፤ ትምህርት ቤቱም ልጁን የሚጠራው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡም መንገዱ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚሸምነው አባት ነሐሴን ሌሊትና ቀን አንድ አድርጎ ይሠራል፣ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይሸጣል፣ ከዚያ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ደብተር መግዣው ብዙውን ጊዜ አብሮት ነው የሚገባው። ምዝገባው ግን ካለፈ ሰንብቷል፣ ትምህርት ቤቱም በወረቀት ተከፍቷል። እስከዚያው ያለውን ወጪ እናት በብድር፣ በዱቤ ወይም ከእንሰቱ ጓሮ በምታወጣው ትወጣዋለች፤ ሰልፉንም ብቻዋን ትሰለፈዋለች። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ቀድሞ ይላክላት የሚል ይኖራል። ስልክ የሚያሻግረው ያለ ገንዘብን ነው፤ ያልተሸጠ ነጠላ በቴሌብር አይላክም።

ቆላው ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በላንቴና በሸሌ ሙዝ የሚያለማው ቤተሰብ ገንዘብ የሚያየው ጥቂት ጥቂት እያለ ነው፤ የአንድ ሳምንት ሽያጭ የሦስት ልጆችን ዩኒፎርም አንድ ላይ አይሸፍንም። ከተማው ውስጥ ደግሞ ደመወዝተኛው አለ። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተጀምሮ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም፣ ሆቴሎቹ፣ ባንኮቹ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚያሠሩት ወላጆችን ነው። የእነዚህ ሰዎች ጭንቀት ከብሩ ይልቅ ሰዓቱ ላይ ይበረታል። ትምህርት ቤቱ ወላጅን የሚያስተናግደው በሥራ ሰዓት ነው፤ አሠሪውም ሠራተኛውን የሚፈልገው በዚያው ሰዓት ነው። ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ይወስናል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን ፈቅዷል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ደግሞ የአባትን ወደ 10 የሥራ ቀን ከፍ አድርጎ ለሕፃናት ማቆያም ቦታ ሰጥቶ ነበር። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ሆኖም ሕጉ ልጅን የሚያስታውሰው ሲወለድ ነው። ያ ልጅ ስድስትና ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት በር ላይ ሲቆም ሕጉ ዝም ይላል።

መንግሥት ወቅት ማወቅ ተስኖት ነው እንዳይባል፣ ሲፈልግ በደንብ ያውቃል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን እስከ ሰኔ 30 ይቆያል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በነሐሴና በመስከረም ከአስቸኳይ ጉዳዮች በቀር መደበኛ ችሎቶቻቸውን ይዘጋሉ። የእረፍቱ ምክንያት ልጅ ማስመዝገብ አይደለም፣ ይህን አልክድም። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ሕግ አውጪውም ሕግ ተርጓሚውም መስከረምን በእጁ ይዞታል። ዳኛው በእረፍት ላይ ሳለ የችሎቱን ወለል የምትወለውለው ሴት አንድ ጠዋት ለምዝገባ ስትጠይቅ ፊት ይጠቁርባታል።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። የመጀመሪያው የታወቀ ነው፦ መስከረም በየዓመቱ ይመጣል፣ ድንገት የሚከሰት ነገር አይደለም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህን ለጋሞ ሕዝብ መምከር ግን ለዋናተኛ ዋና እንደማስተማር ነው። ለመስቀል ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያስቀምጣሉ። ዕቁቡ አለ፣ ቅርጫው አለ፤ ድሃ የሚባለው ቤት ሳይቀር ለመስቀሉ በዓል፣ ለዮ ማስቃላ፣ ባዶ እጁን አይገኝም። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ለአንድ ቀን የሚቆጥብን ሰው ማቀድ አይችልም ማለት አይቻልም። እንግዲያውስ ለበሬው የሚሠራው ቁጠባ ለደብተሩ የማይሠራው ለምንድን ነው? እኔ እንደማየው መልሱ ከወላጁ ዘንድ የለም። መስቀል መቼ እንደሚውል ይታወቃል፣ ምን እንደሚጠይቅ ይታወቃል፣ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤቱ ግን የምዝገባውን ቀን ሊደርስ ሲል ይናገራል፤ ዩኒፎርም መቀየሩን በነሐሴ ያሳውቃል፤ የግሎቹ የክፍያ ጭማሪያቸውን በመጨረሻው ሰዓት ይለጥፋሉ። ዋጋውም ቀኑም ለማይታወቅ ነገር ዕቁብ የሚጥል የለም። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎቿ ዩኒፎርምና ደብተር ታቀርባለች። አርባ ምንጭ የአዲስ አበባ በጀት የላትም፤ የሚፈለገውን ዝርዝርና ዋጋ በሰኔ ለመለጠፍ ግን በጀት አያስፈልግም።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ምዝገባውና ትምህርቱ ይለያዩ። ምዝገባው ወደ ሰኔ ይምጣ፣ ትምህርቱ ከመስቀል በኋላ ይጀመር። በሰኔ መጨረሻ ወላጁ የልጁን ካርድ ለመቀበል ግቢው ውስጥ ነው፤ በዚያው ቀን ስሙን አስፍሮ፣ የሚፈለግበትን ዝርዝር ይዞ ቢመለስ በነሐሴ ሌላ የሥራ ቀን አይሠዋም። እንዲያውም እዚያው ትምህርት ቤት ከ3ኛ ወደ 4ኛ ክፍል የተዛወረ ልጅ ለምን እንደ አዲስ እንደሚመዘገብ ገብቶኝ አያውቅም። ስሙ መዝገቡ ላይ ነው፣ ውጤቱም እዚያው ነው። አዲስ ገቢውና ተዛዋሪው ብቻ ቢመዘገቡ ሰልፉ በአንድ ጊዜ ይቀልላል።

የመክፈቻው ቀን የበለጠ ያከራክራል። የትምህርት ካላንደር አገር አቀፍ ነው፣ ጋሞ ለብቻው ሊወጣ አይችልም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ካላንደሩ የተሠራው ለመሐል አገሩና ለሰሜኑ ክረምት ነው። አርባ ምንጭ ዝናቧን በሁለት ወቅት ታገኛለች፤ ብርቱው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት ነው። የአርባ ምንጭ ሐምሌ የአዲስ አበባ ሐምሌ አይደለም። ሽቅብ ጨንቻ ሲወጣ ደግሞ ጉሙና ብርዱ ስላለ ለደጋውና ለቆላው አንድ ልክ መስፋትም አይበጅም፤ ወረዳዎቹ ራሳቸው ቢያዩት ይሻላል። ስንት ቀን እንደሚጠፋም እንቁጠረው። በ2019 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ዓርብ፣ መስቀል እሑድ ይውላል። ከመስከረም 4 እስከ 15 ያሉት የትምህርት ቀናት 10 ናቸው። የበዓሉን ሳምንት ጨምረን ሰኞ መስከረም 25 ብንከፍት 15 ይሆናሉ። አሥራ አምስት ቀን በሐምሌ መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ነው፤ ከፊሉ በቅዳሜ ሊካካስ ይችላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተና ስላለባቸው በአገሩ ካላንደር ይሂዱ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ግን የክልል ነው፣ ቀኑን ክልሉ ይወስናል። ይህ ስንፍናን ሕጋዊ ማድረግ ነው ለሚለኝ ሰው ደግሞ እነዚያ ቀናት ዛሬም የሚጠፉ መሆናቸውን አስታውሰዋለሁ። ትምህርት በወጉ የሚረጋው ከመስቀል በኋላ መሆኑን መምህሩም ወላጁም ያውቁታል። ልዩነቱ ዛሬ የሚጠፉት ቀናት ስለማይቆጠሩ አለመካካሳቸው ነው።

አሠሪውስ? ሥራ በወላጅ ሰበብ ሊቆም ነው የሚል ስጋት ይነሣል። የምጠይቀው ግን ትንሽ ነው። አዋጅ 1156/2011 ራሱ አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም ሲያወጣ የሥራውን ሂደት ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ፍላጎት በተቻለ መጠን እንዲያይ ያዛል። ከ16ቱ ቀን ሁለቱን ለመስከረም መያዝ ለሚፈልግ ወላጅ ቅድሚያ መስጠት አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ትምህርት በሚከፈትበት ጠዋት ዘግይቶ ገብቶ ሰዓቱን በሌላ ቀን መመለስም ይቻላል። ፈረንሳይ ለመንግሥት ሠራተኞቿ ይህንኑ ታደርጋለች፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦችም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ትምህርት ሊከፈት ሲል የመግዣ ገንዘብ ትሰጣለች። ገንዘቡን አንችለውም ይሆናል፣ አንድ ጠዋት ግን አያቅተንም። ሆቴልን ወይም ፋብሪካን የሚጎዳው ሠራተኛው ሳይናገር የቀረበት ቀን ነው፤ ቀድሞ የታወቀ መቅረት በተራ ይሸፈናል። እግረ መንገዴን፣ ይህ ፈቃድ የእናቶች ፈቃድ ተብሎ እንዳይጻፍ እፈልጋለሁ። የእናት ከተባለ አሠሪው ሴት መቅጠር ይፈራል፣ አባትም እንደተለመደው ከነገሩ ይወጣል።

እነዚህን ቀናት ማን ይወስን? ጋሞ ያለበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመ ወጣት ክልል ነው፤ ብዙ ነገሩን ገና መስመር እያስያዘ ነው። ታች ደግሞ ወላጅ መምህር ኅብረቱ አለ፣ ከሁሉም በላይ የጋሞ ባህላዊ ሸንጎ፣ ዱቡሻው፣ አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ግፍ በኋላ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ያበረዱት በዚሁ በአርባ ምንጭ ነው። ያን የመሰለ ቁጣ ያበረደ ሸንጎ የትምህርት መክፈቻ ቀን ላይ መስማማት አያቅተውም።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፣ አቃልዬም አላየውም። ከጋሞ ደጋ ልጆች ለሸማ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ ኖረዋል፤ ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው። ወሳጁ አንዳንዴ ዘመድ ነው፣ አጋጣሚውም ለበዓል የገባው ሰው ተመልሶ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ ከመስቀል በፊት ቢከፈት ልጁ ወንበሩ ላይ ይገኝ ነበር፣ ቢዘገይ ግን ለወሳጅ በር ትከፍታላችሁ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ክርክሩም ውኃ ያነሣል። ሆኖም ዛሬ የሚሆነውን እንየው። ልጁ በነሐሴ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ እናቱ ገንዘቡ አባቱ ሲመጣ ይደርሳል ብላ ትጠብቃለች፤ መስቀል ያልፋል፣ ልጁ ከአንድ ዘመድ ጋር ይሄዳል። መዝገብ ላይ ስላልነበረ የጎደለ ሰው የለም፤ መምህሩም የሚጠይቀው አይኖርም። በሰኔ የተመዘገበ ልጅ ግን ስሙ ክረምቱን ሙሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይከርማል። አባቱም ለመስቀል ገብቶ፣ ደብተሩን ራሱ ገዝቶ፣ ልጁን በእጁ ይዞ እስከ በሩ የሚያደርስበት ቀን ያገኛል። ሰኞ መስከረም 25 ጠዋት መምህሩ ስም ሲጠራ «አቤት» ያላለ ልጅ ካለ፣ የት እንደሄደ በዚያው ሳምንት ከቀበሌው ይጠየቃል።